«ለራስህ ተጠንቀቅ»

በ2011 የለንደን ፖሊስ ሁለት ሩዋንዳውያን ስደተኞች ዘንድ ደብዳቤ ይዞ ሄደ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።) መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሩዋንዳ መንግሥት ለሕይወታችሁ እንደሚያሰጋ አስተማማኝ መረጃ ደርሶናል፤ የምንችለውን እናደርጋለን፤ ነገር ግን በየቀኑና በየሰዓቱ ልንጠብቃችሁ አንችልም። ኪጋሊ «ውሸት ነው» አለች። ሰዎቹ ደብዳቤውን ይዘው ቀሩ።

ይህን ማስጠንቀቂያ መስጠት የእንግሊዝ ፖሊስ ደግነት እንዳይመስላችሁ። ግዴታው ነው። በ1998 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት «ኦስማን» በሚባለው ጉዳይ አንድ መርህ አስቀመጠ። ፖሊስ በሰው ሕይወት ላይ እውነተኛና ቅርብ አደጋ እንዳለ እያወቀ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ መንግሥት ይጠየቃል። ከዚያ ወዲህ መረጃው ሲመጣ ለባለጉዳዩ ይነገረዋል። ወንበዴ የሚያሳድደው ሰውም፣ መንግሥት የሚያሳድደው ሰውም የሚደርሳቸው ወረቀት ተመሳሳይ ነው። የሚከነክነኝም እሱ ነው። አሳዳጁ ወንበዴ ሲሆን ፖሊስ ወንበዴውን ፈልጎ ይይዘዋል። አሳዳጁ መንግሥት ሲሆን ግን አምባሳደሩ ግብዣ ላይ ይጠራል።

የስደተኛ ተቃዋሚዎችን ነገር ለረጅም ጊዜ ስከታተል ቆይቻለሁ። የማውቃቸው ሰዎች ስላሉበትም ነው። የትኛው ተቀባይ አገር ጥሩ ነው፣ የትኛው መጥፎ ነው የሚለውን ክርክር ትቼዋለሁ። ሁሉም ሲመቸው ጥሩ ነው። አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛቻው ሲመጣ «ዞር በል» የሚባለው ማነው? አሳዳጁ ወይስ ተሳዳጁ?

ሁለት ከተሞችን እንይ።

ጁላይ 13፣ 1989፣ ቪየና። የኢራን ኩርዶች ዴሞክራቲክ ፓርቲ መሪ አብዱልራህማን ቃሲምሉ ከኢራን መንግሥት መልእክተኞች ጋር ለድርድር ተቀመጡ። ቦታው ተራ መኖሪያ አፓርታማ ነው። እዚያው ንግግር ላይ እንዳሉ፣ አብረዋቸው ከነበሩ ሁለት ሰዎች ጋር በጥይት ተገደሉ። ከኢራን ልዑካን አንዱም ቆስሎ ነበር። ሆስፒታል ገባ። ፖሊስ አገኘው፣ ጠየቀው። ከዚያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሲሻለው የኦስትሪያ ፖሊስ ራሱ ኤርፖርት ድረስ አጅቦ ሸኘውና ወደ ቴህራን በረረ። ሌላው ኤምባሲው ውስጥ ገብቶ ተሸሸገ። የእስር ማዘዣው የወጣው ከወራት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሴፕቴምበር 17፣ 1992፣ በርሊን። የቃሲምሉ ተተኪ ሳዴቅ ሻራፍካንዲ «ሚኮኖስ» በሚባል ሬስቶራንት ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ተገደሉ። ፓርቲው ያው ነው። የተጠረጠረው መንግሥትም ያው ነው። የተለወጠው ተቀባዩ አገር ብቻ ነው።

ያኔ የጀርመን መንግሥት መቀመጫ የነበረችው የቦን ፖለቲከኞች ከቪየናዎቹ የተሻሉ ነበሩ ለማለት ይከብደኛል። የኢራን የስለላ ሚኒስትር አሊ ፋላሂያን በኦክቶበር 1993 ቦን መጥተው በክብር ተስተናግደዋል። የግድያው ተከሳሾች ችሎት የተከፈተው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። ጉድ እኮ ነው! ልዩነቱን ያመጡት አቃቤ ሕጎቹ ናቸው። በ1996 በእኚሁ እንግዳ በነበሩት ሚኒስትር ላይ የእስር ማዘዣ አወጡ። ኤፕሪል 10፣ 1997 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ግድያው የታዘዘው ከኢራን ከፍተኛ አመራር እንደሆነ በፍርዱ ጻፈ። አብዛኞቹ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች አምባሳደሮቻቸውን ከቴህራን ጠሩ።

አምባሳደሮቹ በኖቬምበር ተመለሱ። ንግድ ነው፤ ምን ይደረጋል። ፍርዱ ግን አልተመለሰም። ዛሬም ማንም ሰው ሄዶ ሊያነበው ይችላል። የቪየናው ግድያ እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። የሟች ቤተሰብ ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል።

የበርሊኑ ዓይነት ፍርድ ሲገኝም ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። የተፈረደበት ገዳይ በራሱ መገበያያ ይሆናል።

የኢራኑ ንጉሥ የሻህ የመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሻፑር ባክቲያር በኦገስት 1991 ፓሪስ አጠገብ፣ ሱረን ውስጥ፣ በገዛ ቤታቸው ተገደሉ። በሩ ላይ የፈረንሳይ ፖሊስ ነበር። ገዳዮቹ እንደ እንግዳ ተፈትሸው ገቡ፣ ሥራቸውን ሠርተው ወጡ። ሬሳው የተገኘው ከአንድ ቀን በላይ ዘግይቶ ነው። ከገዳዮቹ አንዱ ተይዞ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በሜይ 2010 ተፈትቶ ወደ ኢራን ተላከ። ያን ሰሞን ኢራን ይዛት የነበረች አንዲት ወጣት ፈረንሳዊት መምህር ፓሪስ ከገባች ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። መንግሥት «አይገናኝም» አለ። እሺ፣ አይገናኝም።

የቅርቡ ይበልጥ ይከብዳል። ኦገስት 23፣ 2019 በርሊን ትንሹ ቲርጋርተን መናፈሻ ውስጥ ዘሊምካን ካንጎሽቪሊ የሚባል ከጆርጂያ የመጣ የቼቼን ተወላጅ ቀን በቀን ተገደለ። ገዳዩ በብስክሌት መጣ። ሟች ጀርመን ጥገኝነት ጠይቆ ተከልክሎ ነበር። ገዳዩ ቫዲም ክራሲኮቭ በ2021 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ፍርድ ቤቱም ትእዛዙ ከሩሲያ መንግሥት እንደሆነ ደመደመ። ኦገስት 1፣ 2024 በእስረኞች ልውውጥ ተለቀቀና ሞስኮ ኤርፖርት ላይ ፑቲን አቅፈው ተቀበሉት።

እዚህ ላይ መፍረድ ያስቸግረኛል። በልውውጡ የተፈቱት እነማን ናቸው? ቭላዲሚር ካራ-ሙርዛ፣ ኢልያ ያሺን። እነሱም ተቃዋሚዎች ናቸው፤ ያውም ካራ-ሙርዛ 25 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። አንዱን ስደተኛ የገደለውን ሰው ለቆ ሌሎች ተቃዋሚዎችን ማስፈታት። የካራ-ሙርዛ ቤተሰብ ብሆን እቀበለዋለሁ። የካንጎሽቪሊ ቤተሰብ ብሆን እንዴት ብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል? ሁለቱንም ማለት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። የማልቀበለው መንግሥታት ይህን ሲያደርጉ ሒሳቡን መደበቃቸውን ነው።

ቱርክ ሒሳቡን ለመደበቅም አልተጨነቀችም። ሳዑዲያዊው ጋዜጠኛ ጀማል ካሾጊ ኦክቶበር 2፣ 2018 ኢስታንቡል በሚገኘው የሳዑዲ ቆንስላ ገብቶ አልወጣም። አንካራ መጀመሪያ ላይ ነገሩን ለዓለም ሁሉ ዘራችው። ኢኮኖሚዋ ሲናጋ ግን ድምጿ ለዘብ አለ። ኤፕሪል 2022 መጀመሪያ ላይ ፍርድ ቤቱ የክሱን መዝገብ ለሳዑዲ አስተላለፈ። በዚያው ወር መጨረሻ ፕሬዝዳንት ኤርዶዋን ጅዳ ነበሩ። መዝገቡ ለተከሳሾቹ አገር ተሰጠ ማለት እኮ ነው!

ለንደን የራሷ ታሪክ አላት። በ2011 ፖሊሶቿ ሩዋንዳውያኑን አስጠነቀቁ ብያለሁ። በኤፕሪል 2022 የእንግሊዝ መንግሥት ከዚያችው ከሩዋንዳ ጋር ውል ተፈራረመ። ጥገኝነት ጠያቂዎችን እንልክልሻለን፣ አንቺ ዘንድ ደኅና ናቸው የሚል ውል። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኖቬምበር 15፣ 2023 አምስቱም ዳኞች ውሉ ሕገ ወጥ ነው አሉ። ለውሳኔያቸው ከጠቀሷቸው ነገሮች አንዱ ምን መሰላችሁ? የእንግሊዝ ፖሊስ እዚሁ እንግሊዝ የሚኖሩ ሩዋንዳውያንን መንግሥታችሁ ሊገድላችሁ ነው ብሎ ማስጠንቀቁን። የመንግሥት አንዱ እጅ የጻፈውን ሌላው እጅ ሊረሳው ፈልጎ ነበር። ዳኞቹ አስታወሱት። መንግሥት ግን አልተመለሰም፤ በኤፕሪል 2024 ሩዋንዳ ደኅና አገር ናት የሚል ሕግ በፓርላማ አጸደቀ። ዕቅዱ የተጣለው በዚያው ዓመት መንግሥት ሲቀየር ነው።

ባለሥልጣናቱ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ሁሉ ሰበብ ነው አልልም። ለእያንዳንዱ ስደተኛ ጠባቂ ማቆም አይቻልም። የስለላ መረጃን ዝርዝር ከተናገሩ ምንጩ ይሞታል። ዲፕሎማት ካባረሩ ያኛውም ያባርራል፤ ከዚያ እዚያ የታሰረ ዜጋቸውን የሚጠይቅላቸው ሰው ያጣሉ። እውነት ነው። ቢሆንም ዝምታውም ዋጋ አለው። የቀድሞው የሩሲያ ሰላይ አሌክሳንደር ሊትቪኔንኮ በ2006 ለንደን ውስጥ በፖሎኒየም ተመርዞ ሞተ። እንግሊዝ በ2007 አራት የሩሲያ ዲፕሎማቶችን አባረረች። በ2013 ይፋዊ ምርመራ ይከፈት ሲባል መንግሥት እንቢ አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ዓለም አቀፍ ግንኙነት እንደነበር አልሸሸገም። ምርመራው የተፈቀደው በጁላይ 2014፣ የማሌዥያው አውሮፕላን ዩክሬን ሰማይ ላይ ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ነው። ውጤቱ በ2016 ወጣ። ከሁለት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ማርች 2018፣ እንግሊዝ ሶልዝበሪ ውስጥ ሌላው የቀድሞ የሩሲያ ሰላይ ሰርጌይ ስክሪፓልና ልጁ ተመረዙ። ያኔ 23 ዲፕሎማት ተባረረ። በጁላይ የሞተችው ግን ስለ ሩሲያ ምንም የማይመለከታት እንግሊዛዊት ናት። መርዙ ያለበትን የሽቶ ጠርሙስ የወንድ ጓደኛዋ ወድቆ አግኝቶ ሰጣት።

መንግሥታት ስደተኛውን ዝም ማሰኘት አዲስ አልጀመሩም። በ1936 ኖርዌይ የስታሊንን ባላንጣ ሌዎን ትሮትስኪን ተቀብላ አስቀምጣ ነበር። ሞስኮ አውጪልኝ ብላ ጫና ስታደርግ ኖርዌይ አሳልፋ አልሰጠችም። ሰውየውን ግን ከሚስቱ ጋር በቁም እስር አስቀመጠችው፤ ጽሑፉንና ግንኙነቱን አፈነች። በዲሴምበር በነዳጅ ጫኝ መርከብ ወደ ሜክሲኮ ላከችው። ይህን ያስፈጸሙት የፍትሕ ሚኒስትር ትሪግቬ ሊ ናቸው፤ ኋላ የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የሆኑት። ታሪክ ሲቀልድ እንዲህ ነው።

የዛሬው ዘዴ ከዚያ ለስለስ ያለ ነው። «ኢራን ኢንተርናሽናል» ለንደን ያለ የፋርስኛ ቴሌቪዥን ነው። በ2022 መጨረሻ ጋዜጠኞቹ ላይ የግድያ ዛቻ በረታ። ቢሮው ዙሪያ የኮንክሪት መከላከያ ተደረደረ፣ የታጠቀ ፖሊስ ቆመ። በፌብሩዋሪ 2023 ጣቢያው በፖሊስ ምክር ለንደንን ለቆ ሥርጭቱን ወደ ዋሽንግተን አዛወረ። ዞር ያለው ማነው? ጣቢያው። በሴፕቴምበር ተመለሱ። በማርች 2024 ደግሞ አቅራቢው ፑሪያ ዘራቲ ከቤቱ ደጃፍ በጩቤ ተወጋ። እሱ ተረፈ። የወጉት ሰዎች በሰዓታት ውስጥ ከሂትሮው ተሳፍረው ሄዱ።

የሆንግ ኮንግ ፖሊስ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ውጭ አገር ባሉ ተቃዋሚዎች ላይ ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ወሮታ አስቀምጧል። እንግሊዝ የምትኖር አንዲት የቀድሞ የወረዳ ምክር ቤት አባል ከነሱ አንዷ ናት። ለጎረቤቶቿ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ስለ እሷ መረጃ ብትሰጡ ወይም ቻይና ኤምባሲ ብታደርሷት ይህን ያህል ገንዘብ ታገኛላችሁ የሚል። የአካባቢው ፖሊስ ምን አደረገ? እንደተዘገበው፣ ሕዝባዊ ስብሰባዎች ላይ ከመገኘት እንድትቆጠብ የሚያስማማ ሰነድ አቀረበላት። ወሮታውን ያወጣውም ሊያገኝ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ፖሊሶቹ ክፋት አስበው አይመስለኝም። ጭንቀታቸው በእነሱ ተረኝነት ሰው እንዳይሞት ነው። ውጤቱ ግን ልክ ቤጂንግ ብትጠየቅ እንደምትመርጠው ሆነ።

እኔም የማውቃት ሴት አለች። አገሯንም የምትኖርበትንም አልናገርም። አንድ ቀን ሲቪል የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ቤቷ መጡ። አንዷ ታወራለች፣ ሌላው ይጽፋል። የታተመ ወረቀት ሰጧት። የምትሄጂበትን መንገድ ቀያይሪ። ማታ ብቻሽን አትውጪ። ያለሽበትን ቦታ ፖስት አታድርጊ። የላኪውን ማንነት የማታውቂው እሽግ ሲመጣ አትክፈቺ። በር ላይ ካሜራ አስገጥሚ። ካሜራውን የሚገዛው ማነው? እሷ። ወረቀቱ ላይ የማንም አገር ስም የለም። ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ «እነሱንስ ምን ትሏቸዋላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ፖሊሷ የሚጽፈውን ጓደኛዋን አየችው። «እሱ የእኛ ክፍል ሥራ አይደለም» አለች። ጨዋ ሰዎች ናቸው። ሲወጡ ማስጠንቀቂያው ደርሶኛል ብላ እንድትፈርም ጠየቋት። ፈረመች። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ያ ፊርማ የሚያድነው ማንን እንደሆነ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ጨዋ በሚባሉት አገሮች ነው። ሌላ ቦታ ተቀባዩ ራሱ በሩን ይከፍታል። አንዳርጋቸው ጽጌ በጁን 2014 ሰነዓ ኤርፖርት ላይ በትራንዚት ሳሉ ተይዘው ለኢትዮጵያ ተሰጡ፤ የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዘው። ሎንደን ይፈቱ ብላ በቀጥታ ከመጠየቅ ይልቅ ጠበቃ ያግኙ በሚለው ላይ ማተኮሯ ቤተሰቡን ሲያንገበግብ ኖሯል። የተፈቱት በሜይ 2018 አገር ቤት ለውጥ ሲመጣ ነው። የዩጋንዳው ተቃዋሚ መሪ ኪዛ ቤሲጄ በኖቬምበር 2024 ከናይሮቢ ተጠልፈው ከቀናት በኋላ ካምፓላ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ የኬንያ መንግሥት «አላውቅም» አለ። የባህሬኑ እግር ኳስ ተጫዋች ሃኪም አል-አራይቢ አውስትራሊያ በስደተኝነት ተቀብላው ሳለ፣ በ2018 ለጫጉላ ባንኮክ ሲሄድ በዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት በኢንተርፖል ቀይ ማስታወቂያ (ተፈላጊ ነው፣ ይያዝ የሚል ጥሪ) ታሰረ። የኢንተርፖል መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ 3 ድርጅቱ ፖለቲካዊ ጉዳይ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ወረቀት ላይ። ሃኪም የተፈታው የኳሱ ዓለም ስለጮኸለት ነው። የማይታወቅ አናጺ ቢሆንስ?

ፍርድ ቤቶች አንዳንዴ ይሻላሉ ስል ሁሌም አይደለም። አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ በክሱ ላይ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የቀረበ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ተገኘ። የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በማርች 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው። ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም፤ ሰላዩ ያለው ባሕር ማዶ ነው አለ። በዚህ አያያዝ ሰላዩ ኪዳኔ ሳሎን ድረስ መጥቶ ቢጠልፈው ኪዳኔ ይከስ ነበር፤ ከሩቅ ስለጠለፈው ግን አይከስም። በኦገስት 2022 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በተቃራኒው ወሰነ። ሳዑዲያዊው ኮሜዲያን ጋኔም አል-ማሳሪር ስልኬ ውስጥ ፔጋሰስ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ገብቷል ብሎ ሲከስ፣ ዳኛው የሳዑዲን ያለመከሰስ መብት አልተቀበሉም። ስልኩም ሰውየውም ያሉት እንግሊዝ ነው፤ ይበቃል። የትኛው ፍርድ እንደገባኝ መናገር የለብኝም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ብዙዎቹን የሚነካው መርዝም ፔጋሰስም አይደለም። ቤተሰብ ነው። ወሮታም የለም፣ ጩቤም የለም። አገር ቤት ያለ ወንድም ለ«ጥያቄ» ይጠራል። አባት ጡረታው ይዘገይበታል። ስለዚህ የሚጽፈው ልጅ ዝም ይላል። ተቀባዩ አገር ደግሞ በግዛቴ ላይ የተፈጸመ ወንጀል የለም ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ስዊድን ቢያንስ በስደተኞች ላይ የሚደረግ ስለላን በሕግ ወንጀል አድርጋለች፤ ኡይጉሮችን ለቻይና ሲሰልል የነበረ ሰው በ2010 ፈርዳበታለች። አሜሪካም ኤፍ ቢ አይ እንዲህ ያሉ አቤቱታዎችን እቀበላለሁ ብሎ አሳውቋል። ያ ግን የአገሪቱ ላይኛው ፎቅ ነው። ታች ዴስክ ላይ የተቀመጠው ተረኛ ፖሊስ ስለዚህ ነገር ሰምቶም አያውቅ ይሆናል።

ያቺ የማውቃት ሴት፣ ፖሊሶቹ ቤቷ ከመምጣታቸው በፊት፣ ራሷ ጣቢያ ሄዳ አቤት ብላ ነበር። የሚደውልልኝ ሰው አለ፣ መጻፍ ካላቆምሽ እያለ ያስፈራራኛል አለች። ተረኛው ስልኳን ተቀብሎ አየ። «ቁጥሩን ብሎክ አድርጊው» አላት። ቁጥሩ የእናቷ ነበር። ሰውየው እናቷ ቤት ሄዶ፣ ከእጃቸው ተቀብሎ ነው የሚደውለው። ይህን ስታስረዳው ተረኛው ትንሽ አሰበና ቅጽ ሰጣት። ቅጹ ላይ «የተጠርጣሪው አድራሻ» የሚል ክፍት ቦታ ነበረው። የእናቷን ቤት አድራሻ ጻፈች።